ስለ ካሮቲን፤ ይኸውም ቢጫው የአትክልት ቀለም ለዓይንና ለሰውነት ጤና ስለሚሰጠው ጥቅም

ጎተራው በጤፍ፥ በስንዴና በማሽላ በተሞላ ቤት ውስጥ የሚያድግ ሕፃን ቀን ደኅና ሲያይ ውሎ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኑ ይጨልምበትና ግድግዳ እየዳሰሰ ሲሄድ፥ በደጃፉም ድንጋይ ሲሰናከል የሚታይበት ጊዜ አለ። ሕዝቡ ይህን ደዌ ዳፍንት ይለዋል። ከእህል ማነስ የመጣ እንዳይደለ ጎተራው ራሱ ይመሰክራል፤ ሆድ ሞላ ማለት ግን ሰውነት የሚያሻውን ሁሉ አገኘ ማለት አይደለም። ለዚህ ሕፃን የጐደለው ከቅጠልና ከሥር፥ ከቅቤና ከጉበት የሚገኝ እጅግ ጥቂት ነገር ነው። ስለዚህ ዳፍንት በሐኪም ቤት የሚታከም ደዌ ቢሆንም ሥሩ ያለው በእርሻው ላይ ነው። ይህም ጽሑፍ ለሐኪሞች ሳይሆን በየአገሩ ለሚያስተዳድሩ ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ ሰፊ ምድር ለሚያሳርሱም ባለመሬቶች የቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ካሮቲን ይባላል። ሔንሪክ ቫክንሮደር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1831 ከካሮት ሥር ውስጥ ቀላ ያለ ብርቱካን የመሰለ ቀለም ለይቶ አወጣና በካሮት ስም ሰየመው። ሪካርድ ቪልሽቴተር በ1907 ይህ ቀለም ከ40 የካርቦንና ከ56 የሃይድሮጂን አቶሞች ብቻ የተሠራ መሆኑን አስታወቀ። ስዊሳዊው ፓውል ካረር ደግሞ በ1930 አቶሞቹ እንዴት እንደ ተያያዙ ገለጠ፤ ስለዚህና በቪታሚኖች ላይ ስለ ሠራው ሌላ ሥራም በ1937 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የካሮቲን ዘመዶች ብዙዎች ናቸው፤ እስካሁን የታወቁት ቀለሞች ከ700 ይበልጣሉ። ከእነርሱ መካከል ለሰው ምግብ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቤታ ካሮቲን የሚባለው ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ካሮቲን ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው።

ካሮቲንን የሚሠሩት አትክልቶችና አንዳንድ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው እንጂ ሰውም ሆነ ከብት ሊሠራው አይችልም። በቅጠል ውስጥ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ለአረንጓዴው ቀለም ያቀብላል፤ ብርሃኑም ከልክ ሲያልፍ ቅጠሉ እንዳይቃጠል ይከላከላል። ስለዚህ አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ካሮቲን አለው፤ ለዓይን የማይታየው አረንጓዴው ቀለም ስለ ሸፈነው ብቻ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሣሩ ሲጠወልግ አረንጓዴው ቀድሞ ይጠፋና ከሥሩ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ጐመኑ ጥቁር እስኪመስል ድረስ ባረነገደ ቍጥር በውስጡ ያለው ካሮቲን የበዛ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የካሮቲን ጥቅም የታወቀው ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1913 በአሜሪካ በዊስኮንሲን የነበሩት ኤልመር መኮለምና ማርገሪት ዴቪስ፥ በዚያው ዓመትም በዬል የነበሩት ኦዝቦርንና ሜንደል አይጦችን በተመጠነ ምግብ ሲያሳድጉ ከቅቤ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ከጐደለባቸው ዕድገታቸው እንደሚቆም አዩ። ይህ ነገር ኋላ ቪታሚን ኤ ተባለ። ወዲያው አንድ እንቆቅልሽ ተነሣ። ቀለም የሌለው የዓሣ ጉበት ዘይት አይጦቹን ያድናቸዋል፤ ቢጫ በቆሎና አረንጓዴ ቅጠልም እንደዚሁ ያድናቸዋል፤ ነጭ በቆሎ ግን አያድናቸውም። ሃሪ ስቲንቦክ በ1919 የቢጫው ቀለምና የቪታሚኑ ነገር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ጻፈ፤ ቀለም የሌለው ዘይት ስለምን እንደሚያድን ግን ማስረዳት አልቻለም። እንቆቅልሹን የፈታው በካምብሪጅ የነበረው ቶማስ ሙር ነው፤ በ1930 ገደማ ካሮቲን የበሉ አይጦችን ጉበት ሲመረምር ቢጫው ቀለም ተለውጦ ቀለም የሌለው ቪታሚን ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ካሮቲን ራሱ ቪታሚን አይደለም፤ ቪታሚን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። በ1965 ደግሞ ይህ ሥራ የሚፈጸመው በአንጀት ግድግዳ ውስጥ መሆኑ ተገለጠ፤ በዚያ ያለው ኤንዛይም የሚባል የሰውነት ሠራተኛ ረጅሙን የካሮቲን ሰንሰለት ከመካከሉ ይቈርጠዋል። ከአንጀት ያለፈው ቪታሚን በጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ደኅና የበላ ሰው ለብዙ ወራት የሚበቃ ስንቅ በጉበቱ ይዞ ይኖራል። ሕፃን ግን ስንቁ ጥቂት ነው፤ ቶሎም ያልቃል።

ቪታሚኑ በዓይን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ አሜሪካዊው ጆርጅ ዎልድ ከ1933 ጀምሮ መርምሮ አስረድቷል፤ ስለዚህም በ1967 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ብርሃንን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ በዚህ ሽፋን ላይ ያለው ቀለም ከቪታሚን ኤ የተሠራ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ይፈርሳል፤ በቪታሚኑም እንደ ገና ይሠራል። ቪታሚኑ ሲያንስ የፈረሰው ቶሎ ስለማይታደስ በቀን የበረታ ዓይን በምሽት ይሸነፋል፤ ዳፍንት ማለት ይኸው ነው። ጕድለቱ እየከፋ ሲሄድ የዓይን እርጥበት ይደርቃል፤ በነጩ ክፍል ላይ አረፋ የመሰለ ግራጫ ነጥብ ይወጣል፤ በመጨረሻም ብሌኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ሽፋን ቈስሎ ይቀልጣል። በዳፍንት ደረጃ የተደረሰበት ልጅ በጥቂት ቀን ይድናል፤ ሽፋኑ ከቀለጠ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም።

በዓይን ላይ የሚታየው ለሹም የሚጠቅም ምልክት ነው እንጂ የጕዳቱ ፍጻሜ አይደለም። የሳንባን፥ የአንጀትንና የሽንት መውረጃን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያድስ፥ ደዌን የሚዋጋውን የሰውነት ኀይልም የሚያበረታ ይኸው ቪታሚን ነው። ጕድለት ያለበት ሕፃን በኩፍኝና በተቅማጥ ሲያዝ ከሌላው ልጅ ይልቅ ለሞት ይቀርባል፤ ከኩፍኝ ቢድንም ብዙ ጊዜ ዓይኑን ያጣል። አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቹ በኢንዶኔዥያ በአቼህ አገር በ450 መንደሮች ያደረጉት ምርመራ በ1986 ሲታተም፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ቪታሚን ኤ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ከሌሎቹ መንደሮች ከመቶ 34 እጅ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌሎች አገሮች የተደረጉት ምርመራዎች በ1993 ተሰብስበው ሲመዘኑ የተገኘው ቍጥር ከመቶ 23 እጅ ነበር። በ2013 ከሕንድ አገር የታተመው እጅግ ሰፊ ምርመራ ግን ያሳየው ጥቅም ከዚህ ብዙ ያነሰ ነው። ጥቅሙ ጕድለቱና ኩፍኙ በበዛበት አገር ይጐላል፤ ባነሰበትም ያንሳል ብሎ መረዳት የሚገባ ይመስለናል።

ይህ ጕድለት ከእርሻና ከገበያ ሥርዐት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚያስረዳ ከዴንማርክ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ዴንማርክ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን በኤውሮፓ በወተትና በቅቤ የታወቀች ባለጸጋ አገር ነበረች። ቅቤው በውጭ አገር ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ገበሬው ለንግድ ይልከዋል፤ ድኻው ሕዝብ የሚመገበው ከአትክልት ቅባት የተሠራ ማርጋሪን ነው፤ ሕፃናቱም ቅቤው የወጣለትን ወተት ይጠጣሉ። በኮፐንሐግን የሕፃናት ሐኪም የነበረው ካርል ብሎክ ዓይናቸው የደረቀና የቈሰለ ሕፃናት እየበዙ ሲመጡለት ምግባቸውን ጠየቀ፤ ቅቤና ያልተገፋ ወተት የሚያገኙት ልጆች በዚህ ደዌ እንደማይያዙም አስተዋለ። በ1917 የባሕሩ መንገድ በጦርነቱ ሲዘጋ ቅቤው ወደ ውጭ መሄዱ ቀነሰ፤ በዓመቱ መጨረሻም መንግሥት ለሕዝቡ በመጠን እንዲታደል አደረገ። በ1918 የዓይኑ ደዌ እጅግ ጐደለ። ለሕፃናቱ የታዘዘ አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ የተለወጠው የቅቤው መንገድ ብቻ ነው። ላሙ እየታለበ፥ መስኩም እየለመለመ የላሙ ባለቤት ልጅ ሊታወር እንደሚችል ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

በአገራችን ያለው ነገር በመጠን ቢለይም በዐይነት ከዚህ የራቀ አይደለም። ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስ፥ ነጭ በቆሎና ቆጮ ኀይል ይሰጣሉ እንጂ ካሮቲን የላቸውም ለማለት ይቻላል። ቅቤው ወደ ገበያ ይወጣል፤ ለልጁ አሬራው ይቀርለታል፤ አሬራ ደግሞ ጥሩ ምግብ ሲሆን ቪታሚኑ ከቅቤው ጋር ሄዷል። በጾም ወራት ቅቤና ወተት፥ እንቍላልና ሥጋ ከማዕድ ሲነሡ ለቤተ ሰቡ የሚቀረው የቪታሚን ምንጭ አትክልት ብቻ ነው። በ2010 የታተመ አገር አቀፍ ምርመራ እንደ ገለጠው ከትምህርት ቤት ዕድሜ በታች ከነበሩት ሕፃናት ከመቶ 37.7 እጅ የሚሆኑት በደማቸው ያለው ቪታሚን ኤ ከሚገባው አንሶ ተገኝቶ ነበር፤ አረፋ የመሰለው ነጥብ በዓይናቸው የታየባቸውም ከመቶ 1.7 እጅ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ነጥብ ከመቶ ግማሽ እጅ በላይ ሲታይ ነገሩን የሕዝብ ደዌ ይለዋል። በ2016 በተደረገው ምርመራ ቍጥሩ ከዚህ እጅግ ጐድሎ ቢገኝም ደዌው ከአገር አልጠፋም። በየስድስት ወሩ ለሕፃናት የሚሰጠው የቪታሚን ካፕሱል ትልቅ እርዳታ ስለ ሆነ ማንም ሹም ሊያጓድለው አይገባም፤ ነገር ግን ካፕሱሉ በመንገድና በበጀት የሚመጣ ነው፤ ጐመኑ ግን በጓሮው ይበቅላል።

እንግዲህ ስንት ይበቃል? ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ሕፃን በቀን 300 ማይክሮግራም ቪታሚን ኤ ይበቃዋል፤ ለምታጠባ እናት 1,300 ያሻታል። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከምግብ የተገኘ ካሮቲን ሁሉ ወደ ቪታሚን ስለማይለወጥ 12 ማይክሮግራም ካሮቲን እንደ 1 ማይክሮግራም ቪታሚን ኤ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ለዚያ ሕፃን ለአንድ ቀን የሚያስፈልገው ካሮቲን 3.6 ሚሊግራም ይሆናል። ከ10 እስከ 15 የጤፍ ቅንጣት ቢመዘን ከዚህ ጋር የሚተካከል ነው። ይህን ያህል ለማግኘት ደኅና መልክ ያለው አንድ መካከለኛ ካሮት ይበቃል።

ዋናው ችግር ግን ካሮቲኑ በሥሩና በቅጠሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ለበላተኛው የማይጠቅም መሆኑ ነው። በ1995 ከኢንዶኔዥያ የታተመ ምርመራ ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ በየቀኑ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል የተመገቡ የሚያጠቡ እናቶች የቪታሚናቸው መጠን ብዙም አልተሻሻለም፤ ያንኑ ያህል ካሮቲን ተዘጋጅቶ በብስኩት ውስጥ የተሰጣቸው ግን ተሻሻሉ። ቅጠሉ ካሮቲኑን በጠንካራ ክፍሎች ውስጥ ቈልፎ ስለሚይዘው ነው። ብርቱካንማ ሥሮችና ፍሬዎች፥ እንደ ካሮት፥ እንደ ዱባ፥ እንደ ማንጎና እንደ ፓፓያ ያሉት፥ ከቅጠል ይልቅ ካሮቲናቸውን በቀላሉ ይለቃሉ። ከዚህ የተነሣ ቅጠል ከንቱ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ቍልፉን የሚከፍቱት መክተፍ፥ ማብሰልና ቅባት ናቸው። ካሮቲን በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ይሟሟል። ጐመኑ በደቃቁ ተከትፎ ቢበስልና በአንድ ማዕድ ቢያንስ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቅባት ቢያገኝ አንጀት ካሮቲኑን ይቀበለዋል፤ በውሃ ብቻ ተቀቅሎ በጨው ከተበላ ግን አብዛኛው እንደ ገባ ይወጣል። ቅቤ ለዚህ እጅግ ያመቻል፤ በጾም ቀንም የኑግ፥ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጐመን በጤና የሚለው የአባቶች አነጋገር ጐመንን የድኻ ምግብ አድርጎ ቢቈጥረውም ጤናውን አያይዞ መጥራቱ ደግ ነው፤ ዘይቱን ቢጨምርበት ኖሮ ፍጹም በሆነ ነበር። ወስፋት የበዛበት ልጅ ደግሞ ቅባቱንም ካሮቲኑንም በሚገባ ስለማያገኝ አስቀድሞ የወስፋት መድኃኒት ቢወስድ ይረባዋል።

ብርሃንና አየር ካሮቲንን ያጠፉታል። ቅጠል ለበጋ የሚደርቅ ከሆነ በጥላ ሥር፥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይድረቅ፤ በፀሐይ ከደረቀ መልኩም ጥቅሙም ይሄዳል። በኮንሶና በአካባቢው በየቤቱ ደጅ የሚተከለው ሺፈራው ዝናብ በራቀበት ጊዜም ቅጠሉን ስለማያጣ የደረቀ ቅጠል ከማከማቸት ያድናል፤ ይህን የኮንሶ ገበሬዎች ጥበብ ሌላው ቈላ አገር ቢማረው መልካም ነው።

ቢጫና ቀይ መልክ ያለው ሁሉ ካሮቲን ይመስለዋል ብሎ የሚታለል ሰው እንዳይኖር ጥቂት መናገር ይገባል። የእርድ ቢጫነት ከሌላ ቀለም የመጣ ስለ ሆነ ቪታሚን አይሆንም። የቀይ ሥር ቅላትም ከካሮቲን ወገን አይደለም። የቲማቲም ቅላት ሊኮፔን የሚባል የካሮቲን ዘመድ ቢሆንም ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ ሊለውጠው አይችልም። በርበሬ ግን ከቀዩ ቀለሙ ጋር ቤታ ካሮቲንም አለው፤ ሆኖም ሕፃን በርበሬ ስለማይበላ ለተቸገረው አይደርስለትም። በአንጻሩ የፍየልና የበግ ወተት ቅቤው ነጭ ስለ ሆነ ቪታሚን የለውም ማለት አይገባም፤ እነዚህ እንስሶች ካሮቲኑን ሁሉ ለውጠው ስለሚጨርሱ ቀለሙ ይቀራል እንጂ ቪታሚኑ በወተታቸው አለ። ላም ግን ካሮቲኑን በከፊል ሳትለውጠው በወተቷ ታሳልፈዋለች፤ በክረምትና በመስከረም የሚናጠው ቅቤ ከበጋው ይልቅ ቢጫ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የከብቱንም ነገር ባለመሬቶች ሊያስቡበት ይገባል። ለረጅም ጊዜ በፀሐይ ተሰጥቶ የነጣ ድርቆሽና ገለባ ካሮቲን አይቀረውም። ብዙ ወራት ይህን ብቻ የበላች ላም ራሷ በምሽት ማየት ይሳናታል፤ ጥጃዋም ደካማ ወይም ዕውር ሆኖ ሊወለድ፥ የእንግዴ ልጇም ሊዘገይ ይችላል። ሣሩ በአበባው ጊዜ ታጭዶ አረንጓዴ መልኩ ሳይጠፋ ቢከመር ይህ ጕዳት ይቀንሳል። እንገሩ ቢጫ የሚሆነው ካሮቲንና ቪታሚን ኤ ስለ በዛበት ነው፤ ጥጃ ሲወለድ በጉበቱ ያለው ስንቅ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ እንገሩን ከጥጃው ነጥቆ ለሰው ማድረግ በጥጃው ላይ መፍረድ ነው። የሴት የመጀመሪያ ወተትም እንደዚሁ ቢጫ ነው፤ ተበላሽቷል ብለው አልበው የሚያፈሱት ሰዎች ለሕፃኑ የተዘጋጀውን የመጀመሪያ ስንቅ ማፍሰሳቸው ነው።

ከአትክልቶች ሁሉ በቅርቡ ዘመን ብዙ ፍሬ ያሳየው ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች ነው። በአገራችን በወላይታ፥ በሲዳማና በሐረርጌ በብዛት ሲተከል የኖረው ነጩ ስኳር ድንች ካሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ብርቱካንማው ግን ደኅና መልክ ካለው 125 ግራም ያህል ተቀቅሎ ቢበላ የአንድ ሕፃን የቀን ድርሻ ይሞላል። በደቡብ አፍሪካ በ2005 የታተመ ምርመራ ይህንኑ መጠን በትምህርት ቀን የተመገቡ ተማሪዎች በጉበታቸው ያለው ስንቅ እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። በሞዛምቢክ በዛምቤዚያ አገር ደግሞ ሐረጉ ለገበሬዎች ታድሎ፥ እናቶችም እንዴት እንደሚያበስሉት ተምረው፥ ትርፉም በገበያ እንዲሸጥ ተደርጎ ነበር፤ በ2007 የታተመው ውጤት በደማቸው ቪታሚን ያነሰባቸው ሕፃናት ከመቶ 60 እጅ ወደ 38 እጅ እንደ ወረዱ ገለጠ፤ ሐረጉ ባልደረሰባቸው ቦታዎች ግን ይህ ለውጥ አልታየም። በዚህ ሥራ የደከሙት ማሪያ አንድራዴ፥ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው ከሐዋርት ቡዊስ ጋር በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በኢትዮጵያም ኩልፎና ቱላ የሚባሉ ብርቱካንማ ዘሮች በደቡብ ለገበሬው ቀርበዋል።

የዚህ ተክል ጕድለት ሊደበቅ አይገባም። ብርቱካንማው ከነጩ ይልቅ ውሃ ስለሚበዛበት በአፍ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ልጆች ይወዱታል፤ ደረቁን የለመደ ዐዋቂ ግን ይንቀዋል። ከፍ ያለው ችግር ዘሩ እህል ሳይሆን ሐረግ መሆኑ ነው፤ ሐረግ በጎተራ አይቀመጥም። በጋው ረጅም በሆነበት አገር ሐረጉ ደርቆ ይጠፋና ገበሬው በዝናብ መግቢያ የሚተክለው ያጣል። ብዙ በጎ ጅምር የተበላሸው ከሰው እንቢታ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ካሮቲንን በኪኒን መልክ መዋጥን የሚያመሰግኑ ሰዎች ስላሉ ስለዚያ እንናገር። ካሮቲን በሰውነት ውስጥ የቪታሚን ጥሬ ዕቃ ከመሆኑ በላይ ሰውነትን የሚያቃጥሉ የኦክሲጂን ዐይነቶችን ማብረድ እንደሚችል ታውቋል። አትክልት የሚበዛ ሰዎች በሳንባ ነቀርሳ እምብዛም እንደማይያዙም ተስተውሎ ስለ ነበር በ1981 ሊቃውንት ካሮቲን ነቀርሳን ይከላከል ይሆን ብለው ጠየቁ። ተስፋው ታላቅ ነበር። በፊንላንድ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች ተመርጠው ከፊሎቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ካሮቲን ተሰጣቸው፤ በ1994 ውጤቱ ሲታተም ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ነቀርሳ የተያዙት ካልወሰዱት ከመቶ 18 እጅ በልጠው ተገኙ። በአሜሪካም ለ18,314 አጫሾችና አስቤስቶስ በሚባለው ማዕድን ሥራ ለነበሩ ሰዎች ካሮቲንና ቪታሚን ኤ በአንድነት ሲሰጥ ነቀርሳው ከመቶ 28 እጅ ስለ ጨመረ ምርመራው በ1996 ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ለ22,071 ሐኪሞች 12 ዓመት ያህል የተደረገ ሌላ ምርመራ ደግሞ ጥቅምም ጕዳትም አላሳየም። እነዚህ ሰዎች የዋጡት ካሮቲን ከምግብ ከሚገኘው ብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር። ስለዚህ ትንባሆ የሚያጨስ ሰው የካሮቲን ኪኒን ከመዋጥ ይጠበቅ፤ ጐመንና ካሮት ግን ለእርሱም አይከለከሉም።

በኔፓል በ1999 የታተመ ምርመራ በየሳምንቱ ጥቂት ካሮቲን የተሰጣቸው ሴቶች ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሞታቸው ከመቶ 49 እጅ እንደ ቀነሰ ገልጦ ብዙ ሰው አስደንቆ ነበር፤ በ2011 በባንግላዴሽ የታተመው ሰፊ ምርመራ ግን ይህን ጥቅም አላገኘም። አንድ ምርመራ ብቻ ይዞ ሕዝብን ማዘዝ እንደማይገባ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ከምግብ የመጣ ካሮቲን ሲበዛ መርዝ አይሆንም። ሰውነት ስንቁ ሲሞላ መለወጡን ይቀንሳል፤ የተረፈው ቀለም በቈዳ ሥር ይቀመጣል። ብዙ ካሮት የበላ ሰው መዳፉና የእግሩ ውስጥ ብርቱካን ቢመስል ቤተ ሰቡ የወፍ በሽታ ይዞታል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ መለያው ቀላል ነው፤ በወፍ በሽታ የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ በካሮቲን ግን ነጩ ነጭ ሆኖ ይኖራል። አስቀድሞ የተሠራው ቪታሚን ኤ ግን እንደዚህ አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ጉበትን ይጐዳል፤ በእርጉዝ ሴት ማሕፀን ያለውንም ፅንስ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ካፕሱሉ በጤና ሠራተኛ እጅ ብቻ ይሰጥ።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚችሉት ከዚህ ይጀምራል። ማንንም ገበሬ ጤፉን ነቅሎ ካሮት እንዲተክል ማዘዝ አያሻም፤ በግዳጅ የተተከለ አትክልት ሹሙ ዘወር ሲል ይደርቃል። በጓሮው ውሃ የሚፈስበት ጥቂት ቦታ ይበቃል። በትምህርት ቤትና በወህኒ ቤት፥ በወረዳው ጽሕፈት ቤትም ግቢ ጐመን፥ ዱባና ብርቱካንማ ስኳር ድንች ተተክሎ ቢታይ ከብዙ ስብከት ይሻላል። ላም የሚያረቡ ባለመሬቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች አሬራ ብቻ ሳይሆን በሳምንት ጥቂት ቀን ያልተገፋ ወተት ቢያስቀሩ የዴንማርክን ስሕተት በደጃቸው አይደግሙም። የወረዳው ሹም በየመንደሩ ሲዞር በምሽት ስለሚሰናከሉ ልጆችና እርጉዞች ይጠይቅ፤ ዳፍንት የሚለውን ስም የማያውቅ እናት ስለሌለች ጥያቄው መሣሪያም ሐኪምም አይሻም። ከአንድ መንደር ብዙ ስም የመጣ እንደ ሆነ ለጤና ጣቢያው ያስታውቅና የመንደሩን ጓሮዎች ራሱ ሄዶ ይመልከት።

ስኳር ድንች ለመትከል ያሰበ ወረዳ ደግሞ ሐረጉን በዝናብ መግቢያ ከመፈለግ ይልቅ በጋው ሳይበረታ ወንዝ ወይም ምንጭ ያላቸውን ጥቂት ታማኝ ገበሬዎች መርጦ የሐረግ ማቈያ መደብ ያስይዝ፤ መደቡ ከብት እንዳይገባበት ይታጠር፤ በየጥቂት ቀኑ ውሃ ይጠጣ። ቅጠሉ የተጨማደደና የቀጨጨ ሐረግ ደዌ ስላለበት ተነቅሎ ይቃጠል። ዝናቡ ምድሩን በሚገባ ሲያርስ ከጤነኛው ሐረግ አንድ ክንድ የማይሞላ ቍራጭ እየተቈረጠ ለጐረቤት ይታደል፤ ሥሩም ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ለመብል ይደርሳል።